ጊታር ለመጀመር ትዝታ ይበቃል

ጊታር ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አስራ አምስት ኮርድ የተሳለበት ወረቀት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይታገላል፣ የጣቶቹ ጫፍ ይቆስላል፣ ከኮርድ ወደ ኮርድ በተሻገረ ቁጥር ምቱ ይቋረጥበታል። ወር ሳይሞላው ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል። እዚህ የማሳይዎ መንገድ ከዚያ ያነሰ ነው፤ አንድ ቅኝት፣ ሁለት ኮርድና አንድ ምት። ቅኝቱ ጆሮዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቀው ትዝታ ነው።

ትዝታን የመረጥኩት ለአገር ፍቅር ብዬ አይደለም። ጊታር በተለመደው አቃኛኘት ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ይሆናሉ። ከጂ ጀምረው በቅደም ተከተል ሲያስቀምጧቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ያገኛሉ። ይህ ከጂ የሚነሳው ትዝታ ሜጀር ነው፤ አንድም ድምፅ አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ክራር ተጫዋች ክሮቹን አስቀድሞ በቅኝቱ ይቃኛል፤ ጊታር ደግሞ ግራ እጅ ሳይነካው ትዝታን ይዞ ይጠብቅዎታል።

ጊታሩን መምረጥ

ሁለት ዓይነት አለ። ክላሲካል የሚባለው የናይለን ክር ያለው ሲሆን አንገቱ ሰፋ ያለ፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። አኩስቲክ እየተባለ የሚሸጠው የብረት ክር ያለው ነው፤ አንገቱ ጠበብ፣ ድምፁ ጎላ ይላል፣ ጣትንም የበለጠ ያማል። በመዝሙር ወይም በዘፈን ጮክ ብለው ለማጀብ ካሰቡ ብረቱ ይሻላል። ለጀማሪ ግን እኔ ናይለኑን እመርጣለሁ፤ በተለይ ከዚህ በታች የማሳየው ምት በፒክ ሳይሆን በጣት የሚመታ ስለሆነ። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው የአንገቱ ስፋት ካስቸገረው ወደ ብረቱ ይሂድ፤ ለልጅ ደግሞ ባለ ሦስት አራተኛ መጠን የሚባለውን ይጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ድምፁ እንዲጎላ» ብሎ በክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር የሚገጥም ሰው ያጋጥማል። እሺ እንዳይሉ። የብረት ክር ከናይለን በጣም የበለጠ ይስባል፤ የክላሲካል ጊታር ፊት ግን ያንን ጉልበት እንዲሸከም አልተሠራም። ቀስ በቀስ ክሩ የታሰረበት ብሪጅ ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ ፊቱም ያብጣል።

ሲገዙ ከተቻለ የሚጫወት ሰው ይዘው ይሂዱ። ካጡ ራስዎ የሚፈትሹት ይህን ነው። በ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ከጭንቅላቱ በኩል 12ኛው) ላይ ክሩ ከብረቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይዩ፤ ለብረት ክር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለናይለን ከ3 እስከ 4 ጥሩ ነው። ከ5 ካለፈ መጫን ሥቃይ ስለሚሆን ይተዉት። ቀጥለው እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭነው አንድ በአንድ ይምቱ፤ የሚንጫረር ወይም ድምፁ የሚሞት ቦታ ካለ ይሰማዎታል። ቀጭን ወረቀት ወስደው በብሪጁ ጠርዝ ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ ብሪጁ መነሳት ጀምሯል። በመጨረሻ ስልክዎ ላይ ቲዩነር ይክፈቱና ክሩን ሳይጫኑ ይቃኙት፣ ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱት። ያው ድምፅ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት፤ መርፌው ከመሃል ርቆ ከሄደ ያ ጊታር የቱንም ያህል ቢቃኙት አንገቱ ላይ ሲወጡ ይዛባል። ቀለሙና ማማሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልዎ ከሆነ ክሮቹን እንዲያላላና የጊታሩን ጭንቅላት ግራና ቀኝ በልብስ እንዲደግፍ ይንገሩት፤ በጉዞ ላይ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ሆነ ከምጣድና ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያኑሩት። በበጋ ደረቅ አየር እንጨት ይሰነጠቃል፤ ካልተጫወቱበት በቦርሳው ውስጥ ይደር።

መቃኘት

ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ነው። ለመሬት የሚቀርበው ቀጭኑ 1ኛ፣ ለአገጭዎ የሚቀርበው ወፍራሙ 6ኛ ክር ይባላል። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ፍሬት ናቸው፤ ቆጠራቸው ከጭንቅላቱ በኩል ይጀምራል።

ከ6ኛው ክር ጀምረው በቲዩነር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ያድርጓቸው። ክሩ ከሚፈለገው ካለፈ መልሰው አላልተው ከታች ወደ ላይ ይድረሱበት፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ሲጫወቱ ይለቃል። አዲስ ክር ለጥቂት ቀናት ስለሚለጠጥ በየደቂቃው ቢወርድ አይደንግጡ።

ስልክ ሁልጊዜ አይገኝምና የጆሮውን ዘዴም ይልመዱ። 6ኛውን ክር በ5ኛ ፍሬት ሲጫኑ 5ኛው ክር ሳይያዝ የሚሰጠውን ድምፅ ይሰጣል። 5ኛው በ5ኛ ፍሬት ከ4ኛው፣ 4ኛው በ5ኛ ፍሬት ከ3ኛው ጋር ይገጥማል። 3ኛው ብቻ በ4ኛ ፍሬት ነው ከ2ኛው ጋር የሚገናኘው፤ ከዚያ 2ኛው በ5ኛ ፍሬት 1ኛውን ይሰጣል። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ የሚርገበገብ ሞገድ ይሰማል። ሞገዱ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ደርሰዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ቀኝ እጅ ብቻ

መደገፊያ ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ። ጊታሩን ቀኝ ጭንዎ ላይ አድርገው በደረትዎ ያስደግፉት፤ አንገቱ ትንሽ ወደ ላይ ያዘንብል። ጣቶችዎን ለማየት ጊታሩን ወደ ራስዎ አያጋድሙት፤ የግራ አንጓዎ የሚታጠፈውና የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሳምንት ግራ እጅዎ ሥራ የለውም። በቀኝ አውራ ጣትዎ ወፍራሞቹን 6ኛ፣ 5ኛና 4ኛ ክሮች ይምቱ። 3ኛውን በአመልካች፣ 2ኛውን በመሃል፣ 1ኛውን በቀለበት ጣት ወደ ላይ ይሳቡ። ክሩን እየፈለጉ አይዩ። መጀመሪያ በተራ፣ ከዚያ እንደፈለጉ እያዘዋወሩ ይምቱ። ሁሉም ክር የትዝታ ድምፅ ስለሆነ ምንም ቢመቱ ጆሮ የሚያስቀይም ነገር አይወጣም። በ3ኛው ክር ላይ ሲያርፉ ቤት የገባ ይመስላል፤ ጂ ማረፊያው ስለሆነ ነው። እዚያ ላይ ተመስርተው አንድ የሚያውቁትን ዜማ ያጉረምርሙና አንድ ሁለቱን ድምፅ በክሮቹ ላይ ይፈልጉ።

ብዙ ሰው ይህን ሳምንት መዝለል ይፈልጋል። ግን ኮርድ የያዘ ሰው ሁሉ የሚቸገረው በቀኝ እጁ ነው፤ ግራው ስለሚያምና ስለሚታይ ብቻ ጥፋቱ በእሱ ይላከካል።

ግራ እጅ፦ ትዝታ ከሲ

የግራ እጅዎን ጥፍር አጥብቀው ይቁረጡ። አውራ ጣትዎ ከአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ ይረፍ፣ ሌሎቹ ጣቶች እንደ ቅስት ጎበጥ ብለው በጫፋቸው ይጫኑ። ጣቱ የሚያርፈው በብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ኋላ፣ በጭንቅላቱ በኩል፣ ግን ጠጋ ብሎ ነው። ከብረቱ ሲርቁ ሁለት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፣ እንዲያም ሆኖ ይንጫረራል።

አሁን እነዚህን ስድስት ድምፆች በተራ ይምቱ፦

ሲ፦ 5ኛ ክር፣ 3ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት
ዲ፦ 4ኛ ክር፣ ሳይያዝ
ኢ፦ 4ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት
ጂ፦ 3ኛ ክር፣ ሳይያዝ
ኤ፦ 3ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት
ሲ፦ 2ኛ ክር፣ 1ኛ ፍሬት፣ አመልካች ጣት

ወጥተው ይውረዱበት። አንድ ድምፅ እስኪጠራ ድረስ ወደ ቀጣዩ አይለፉ። የመጫን ኃይልዎን ለመለካት ጣትዎን ክሩ ላይ አሳርፈው ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይምቱ፤ መጀመሪያ ታፍኖ፣ ቀጥሎ ተንጫርሮ፣ ከዚያ ጠርቶ ይወጣል። የጠራበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ጉልበት ጣትን ማቁሰል ብቻ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ፣ የጣት ጫፍ መቆጥቆጥ የተለመደ ነው፤ ቆዳው በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል። አንጓ፣ ክርን ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ያቁሙ፣ አቀማመጥዎን ያስተካክሉ፤ ካልተወዎት ሐኪም ይዩት። «ሥቃይ ካልነበረው አይለመድም» የሚልዎትን አይስሙ።

ሁለቱ ኮርዶች

ሲ ኮርድ፦ የቀለበት ጣት 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ አመልካች ጣት 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት። 3ኛውና 1ኛው ክር ሳይያዙ ይመታሉ፤ 6ኛው አይመታም። ልብ ካሉ ሦስቱም ጣቶች በቅኝቱ ላይ የነበሩበት ቦታ ናቸው። አዲስ የሚማሩት የለም፤ ሳያነሱ አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ኤ ማይነር፦ አመልካችና የመሃል ጣት ባሉበት ይቆዩ። የቀለበት ጣትዎን ብቻ ከ5ኛው ክር አንስተው 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ፣ ከመሃል ጣቱ ጎን ያስቀምጡት። በቃ።

ከሲ የሚነሳው ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ አለው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከእነዚህ ብቻ የሚሠሩ ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ስለዚህ በዚህ ቅኝት ለሚዘፈን ዜማ በሁለቱ መካከል እየተመላለሱ ሲያጅቡ ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ አይገባብዎትም። የት ላይ እንደሚቀይሩ ደግሞ ጆሮዎን ይጠይቁ፤ ዜማው ሲ ወይም ጂ ላይ ሲያርፍ ሲ፣ ኤ ላይ ሲያርፍ ኤ ማይነር ይሞክሩ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ስልክዎን በአንድ ደቂቃ ላይ ይሙሉት። ሲን ይያዙ፣ አንዴ ይምቱ፤ ወደ ኤ ማይነር ይቀይሩ፣ አንዴ ይምቱ፤ ይመለሱ። ደቂቃው ሲያልቅ ስንት ጊዜ በትክክል እንደቀየሩ ይቁጠሩና ይጻፉት። መጀመሪያ አስር ቢሆን ጥሩ ነው። ሠላሳ ሲደርስ ከምት ጋር ለማዋሃድ በቂ ነው። ዓይንዎ የቀለበት ጣቱን ብቻ ይከተል፤ የቀሩትን ሁለቱን ከሳንቃው ነቅሎ እንደገና መትከል የጀማሪ ሁሉ አመል ነው።

ጭክጭካ

አሁን ቀኝ እጅ ይመለስ። ከአንድ እስከ ስድስት እኩል እየቆጠሩ ይዙሩ፤ ጫናው «አንድ» እና «አራት» ላይ ይሁን። ሲን እንደያዙ፦

በ«አንድ» አውራ ጣት 5ኛውን ክር ይመታል። «ሁለት» ባዶ ነው። በ«ሦስት» አመልካች፣ የመሃልና የቀለበት ጣቶች 3ኛ፣ 2ኛና 1ኛ ክሮችን አንድ ላይ ቀለል አድርገው ይስባሉ። በ«አራት» አውራ ጣት 4ኛውን ክር ይመታል። «አምስት» ባዶ። በ«ስድስት» ሦስቱ ጣቶች እንደገና።

ረዥም አጭር፣ ረዥም አጭር እያለ ይሄዳል። የተቀመጡ ሰዎች ትከሻቸውን ካነቃነቁ ገብቶዎታል። ይህ ከበሮውን አይተካም፣ ብዙ ዓይነት ጭክጭካም አለ፤ ሁሉም ግን በዚህ አጥንት ላይ ይቆማል። ደስ የሚለው፣ በሲም በኤ ማይነርም አውራ ጣት የሚያርፈው በዚያው በ5ኛውና በ4ኛው ክር ላይ ስለሆነ ኮርድ ሲቀየር ቀኝ እጅ ምንም አይለውጥም።

ሜትሮኖም የሚባለውን ምት ቆጣሪ በደቂቃ 40 ላይ አድርገው አንዱ ምት «አንድ» ላይ፣ ቀጣዩ «አራት» ላይ ይውደቅ። ሁለት ዙር በሲ፣ ሁለት ዙር በኤ ማይነር ይምቱ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ግራው ቢሳሳትም፣ ጣቱ ሳይደርስ ቢቀርም፣ ቀኙ አያቁም። ክሩ ታፍኖ «ጭክ» ቢል ይበል። የተበላሸ ኮርድ ሰሚው ይረሳዋል፣ የቆመ ምት ግን ጨፋሪውን ያስቀምጠዋል። ሳይቋረጡ ሁለት ደቂቃ መሄድ ሲችሉ 44፣ ከዚያ 48 እያሉ ይጨምሩ። ከተንገዳገዱ ይመለሱ።

የቀኑ ሃያ ደቂቃ

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እሑድ ብቻ ከሚሠሩት ሦስት ሰዓት ይሻላል፤ የጣት ቆዳም ሆነ የጣት ትውስታ በድግግሞሽ ነው የሚያድገው። ሁለት ደቂቃ ለመቃኘት፣ አምስት ለቅኝቱ መውጣትና መውረድ፣ ሦስት ለኮርድ መቀያየር፣ አምስት ለምቱ፣ የቀረው አምስት ለጨዋታ። ጨዋታውን አይሰርዙት። በሳምንት አንዴ በስልክዎ ይቅዱት፤ ሲጫወቱ የማይሰሙትን መጣደፍ ሲያዳምጡ ይሰሙታል። ጊታሩ ደግሞ በቦርሳው ውስጥም ቢሆን የሚታይ ቦታ ይቀመጥ፤ አልጋ ሥር የገባ ጊታር በየቀኑ አይነሳም።

ማዳመጥም ከልምምዱ ይቆጠራል። በኤሌክትሪክ ጊታር የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን፣ በአኩስቲክ ደግሞ ግሩም መዝሙር የሚመራውን አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ይስሙ። በኋለኛው ውስጥ የአየለ ማሞ ማንዶሊን ስላለ ክርና ክር እንዴት ቦታ እንደሚለቃለቁ ይሰማሉ። የክራር ቅጂ ካገኙ ከሁሉም ይቅደም፤ ዜማውን ከዚያ በ5ኛው፣ በ4ኛውና በ3ኛው ክር ላይ መልቀም ጥሩ የጆሮ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ

ሁለቱ ኮርዶች በምት ሲሄዱልዎ ጂንና ኢ ማይነርን ይጨምሩ። ኢ ማይነር ቀላሉ ነው፤ የመሃል ጣት 5ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ ሌላው ሁሉ ክፍት። ለጂ አመልካች ጣት 5ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት 6ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 1ኛ ክር 3ኛ ፍሬት። እነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት በክፍት ክር ለመቱት የጂ ትዝታ፣ ሲና ኤ ማይነር ለሲ ትዝታ እንደሆኑት ናቸው። አውራ ጣት እዚህ ከ6ኛው ክር ይነሳል።

ትዝታ ማይነር ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤፍ ኮርድ ይመጣል። ከኤ የሚነሳው ትዝታ ማይነር ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፤ ማጀቢያዎቹ ኤ ማይነርና ኤፍ ናቸው። ሙሉው ኤፍ አመልካች ጣትን በስድስቱም ክር ላይ ማጋደም ስለሚጠይቅ ብዙ ጀማሪ እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አያስፈልግዎትም። የቀለበት ጣት 4ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ አመልካች ጣት 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 1ኛው ክር ክፍት፤ 5ኛውና 6ኛው አይመቱም። ኤፍ ሜጀር ሰባት ይባላል። አራቱ ድምፆቹ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ሁሉም በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ለትዝታ ማይነር ከሙሉው ኤፍ ይልቅ ይስማማል እላለሁ። ከሌሎቹ ቅኝቶች ባቲንና አምባሰልን ከዚህ በኋላ በዜማ ብቻ ይጀምሯቸው። አንቺ ሆዬን ያቆዩት፤ ድምፆቹ ለጊታር ጣት አይመቹም፣ ኮርድ ለማግኘትም ያስቸግራል።

የሚዘፍን ወይም የሚዘምር ሰው ሲያጅቡ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» መባልዎ አይቀርም። ለዚህ ካፖ የሚባለውን መቆንጠጫ ይግዙ። 2ኛው ፍሬት ላይ አስረው ያንኑ ሲና ኤ ማይነር ቢይዙ የሚወጣው ዲና ቢ ማይነር ነው፤ ጣትዎ የሚያውቀው ሳይለወጥ ቅኝቱ ለዘፋኙ ድምፅ ይነሳል። ዝቅ ማድረግ ከተፈለገ ካፖ አይረዳም። ያኔ ካፖውን ፈተው ከሲ ቤተሰብ ወደ ጂ ቤተሰብ ይዝለሉ፤ ያ ደግሞ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ካፖውን በጂ ቅርፅ ላይ 1ኛ ወይም 2ኛ ፍሬት እያደረጉ ለድምፁ የሚመቸውን ቦታ ይፈልጉለት።

ክሩ ሲጠቁር፣ ሲሻክር ወይም ቲዩነሩ እሺ እያለ ጆሮዎ እምቢ ሲል የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ስድስቱንም በአንዴ አይፍቱ፤ አንዱን አውጥተው በቦታው አዲሱን ካሰሩ በኋላ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። የተረፈውን ጫፍ ደግሞ ከመቃኛው ቁልፍ ሥር አሳጥረው ይቁረጡት፣ በተለይ የብረቱን፤ ዓይን አጠገብ የሚወዛወዝ ሹል ሽቦ ነው።